የተከራየነው ቤት የማን ነው?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ መነጋገሪያ የሆነው ዋጋ ነበር። ውል ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም፤ ኪራይ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይጨመርም፤ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን አይበልጥም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አያልፍም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. አዋጁን ካጸደቀ፣ አዲስ አበባም ግንቦት 24 ቀን በየወረዳው ውል መመዝገብ ከጀመረች ወዲህ አከራይና ተከራይ የሚከራከሩት በብር ላይ ነው። አይፈረድባቸውም። የደሞዙን እኩሌታ ለኪራይ የሚያወጣ ሰው ቀድሞ የሚታየው ብሩ ነው።

እኔ ግን ከዋጋው በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ ተዘንግቷል እላለሁ። አዋጁ ለተከራዩ የሰጠው ጥበቃ ሁሉ የተንጠለጠለው "አከራይ" ከሚለው ቃል ሥር ባረፈች አንዲት ፊርማ ላይ ነው። የፈረመው ሰው ቤቱን የማከራየት መብት ካለው ሁለት ዓመቱ ሁለት ዓመት ነው። መብቱ ከሌለው ግን ነገ "ቤቱ የኔ ነው" ብሎ የሚመጣው እውነተኛ ባለቤት ባልፈረመው ውል አይገደድም፤ ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነውና። ለተከራዩ ያኔ የሚቀረው ገንዘቡን ተቀብሎ የፈረመለትን ሰው ፈልጎ መክሰስ ነው። ሰውየው ከተገኘ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚከራይበትን መንገድ እናውቀዋለን። ደላላው ይደውላል፤ ቤቱ ይታያል፤ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ፣ የግቢው በር ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ይጠየቃል። አከራዩ በበኩሉ ተከራዩን ያገላብጠዋል። የት ነው የምትሠራው? ባለትዳር ነህ? ስንት ልጆች አሉህ? መታወቂያህን ወዲህ በል፣ ኮፒውን ተወው። ተከራዩ ሁሉንም ይመልሳል። "እርስዎስ የቤቱ ባለቤት ነዎት? ካርታውን ቢያሳዩኝ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። የሚደፍር ቢገኝ ደላላው ጣልቃ ይገባል፦ "ባለቤቷ አሜሪካ ናት፣ የሚያከራዩት እህቷ ናቸው፤ እትዬን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል።" እትዬ መልካም ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ እህታቸው ያዘዘቻቸውን እየፈጸሙ ሊሆንም ይችላል። ጥያቄው ውክልና አላቸው ወይ ነው፤ እሱን ሰፈሩ አያውቅም።

የማንጠይቅበት ምክንያት ይሉኝታ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ቤት አከራይቶ መኖር ለግለሰብ የተከለከለ ሥራ ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ወደምንለው ተቋም ሄዱ። ሰው ግን ማደሪያ መፈለጉን አላቆመምና ደባል ሆኖ ገባ። ደባል ውል አይጽፍም። ያስገባው ሰው ራሱ የቀበሌ ተከራይ ስለሆነ ስለ ባለቤትነት ማንሳት ሁለቱንም ያስነቅላል። በከተማችን የግል ኪራይ የኖረው ለረጅም ጊዜ በዚህ ዓይነት ዝምታ ውስጥ ነው። ክልከላው ከተነሣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ልማዱ አብሮ አልተነሣም።

የሰነዱ ነገር ምን ይመስላል? መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ግለሰቡ ያለው የይዞታ መብትና በላዩ ያረፈው ቤት ነው። ለዚህ ማስረጃው የይዞታ ማረጋገጫው፣ በተለምዶ ካርታ የምንለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 የአስተዳደር ክፍል የባለሀብትነት ምስክር ወረቀት የሰጠው ሰው የንብረቱ ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ይላል። ግምት ስለሆነም ተከታዩ አንቀጽ 1196 የሚፈርስበትን ሁኔታ ያስቀምጣል። እንዲያም ሆኖ ለተከራይ ከካርታ የተሻለ መነሻ የለም። የባለይዞታው ስም፣ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የቦታው ስፋትና ንድፍ ሰፍሮበታል። ስሙን ከመታወቂያ ጋር፣ ንድፉንና አድራሻውን ደግሞ ከቆሙበት ግቢ ጋር ማስተያየት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ የቀረበው ካርታ የሌላ ቤት እንዳይሆን።

ሌሎቹ ወረቀቶች ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደሉም። የመብራት ቢል ላይ ያለው ስም ቆጣሪውን ያስገባው ሰው ስም ነው፤ ያ ሰው ቤቱን ሸጦ ሄዶ፣ ወይም ሞቶ፣ ቢሉ በስሙ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። የዘንድሮ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ የተሻለ ነው፤ ለቤቱ የሚገብረው በማን ስም እንደሆነ ያሳያል። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ማዘዙም ሳይታሰብ አንድ በር ከፍቷል። ተከራዩ በስልኩ የሒሳብ ቁጥሩን አስገብቶ ብር ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣለታል። ውሉ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ ስልኩ ላይ የወጣው ሌላ ከሆነ ጣትን አቁሞ መደወል ነው። መልሱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የልጃቸው ሒሳብ ይሆናል። ግን ማብራሪያው በጽሑፍ፣ ቢያንስ በስልክ መልዕክት መምጣት አለበት። ነገ "ኪራይ አልተከፈለኝም" የሚል ሰው ቢነሣ ገንዘቡ የሄደው ውሉ ላይ ወደሌለ ሰው ነውና።

ነገሩ የሚወሳሰበው ኮንዶሚኒየም ጋ ነው። ጀሞን፣ ሰሚትን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን ላስተዋለ፣ የከተማው የኪራይ ገበያ ትልቅ ክፍል ያለው እዚያ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ቅድመ ክፍያውን ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር ይዞ ቤቱን ይረከባል፤ ለአምስት ዓመትም መሸጥ አይፈቀድለትም። ችግር ግን አምስት ዓመት አይጠብቅም። ባለዕጣው በውስጥ ውል ይሸጣል፤ ለገዢው ወይም ገዢው ለሚያምነው ሰው ውክልና ይሰጣል። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ቁልፍ ይረከባል፤ የባንክ ዕዳውና የቤቱ ፋይል በባለዕጣው ስም ይቀጥላሉ። ከዚያ ገዢው ያከራያል። ተከራዩ "ባለቤቱ" ብሎ የሚያውቀው፣ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚደውልለት፣ ኪራይ የሚከፍለው ይህን ሰው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። የውስጥ ውል ይህን አያሟላም።

ታዲያ እንዲህ ዓይነት ቤት የተከራየ ሰው ሁሉ አደጋ ላይ ነው? አይደለም፤ እዚህ ላይ ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ለማከራየት የግድ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው የአስተዳደር ሥራዎችን መሥራት ይችላል፤ አንቀጽ 2204 ከአስተዳደር ሥራዎች መካከል ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ኪራይን ይቆጥራል። ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ አዲሱ አዋጅ የሚያዘውን የሁለት ዓመት ውል ለመዋዋል ግን ጠቅላላው ይበቃል። ስለዚህ የገዢው የሽያጭ ውል ቢያነክስም በእጁ ያለው ውክልና የኪራይ ውሉን ሊያቆመው ይችላል።

ሊያቆመው የሚችለው ግን ውክልና ሆኖ ከሠራ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ወኪሉ ውሉን በራሱ ስም መፈረሙ ነው። "አከራይ" በሚለው ቦታ የራሱን ስም ይጽፋል፤ የባለዕጣው ስምም የውክልናው ቁጥርና ቀንም የትም አይጠቀስም። እንዲህ ያለ ውል ወካዩን ለመያዝ አቅም የለውም። ትክክለኛው ውል አከራዩ እገሌ ወይም እገሊት እንደሆኑ፣ የሚፈርመውም በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር በተመዘገበ ውክልና ስለ እሳቸው ሆኖ እንደሆነ ይገልጻል። የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ሁለት መስመር ነው፤ ለተከራዩ ግን ከዋጋው መስመር አያንስም።

ውክልና ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም። ወካዩ በፈለገው ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሌላ ስምምነት ካልኖረ በቀርም ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ከአሥር ዓመት በፊት የተሰጠ ውክልና ይዞ የሚያከራይ ሰው ሲያጋጥም ወካዩ በሕይወት አሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር መሆን የለበትም። ባለቤታቸው ውጭ አገር የሚኖሩ ቤቶች ላይ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው ውክልና የሚሰጠው በኤምባሲው ወይም በቆንስላው በኩል ነው፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ዘንድ ይመዘገባል። በዚህ መንገድ ያላለፈ፣ በስልክ ፎቶ የተላከ ወረቀት ላይ ተማምኖ ሁለት ወር ቅድሚያ መክፈል አይገባም። ባለቤቷ በእርግጥ አሜሪካ ካለች በቪዲዮ ደውላ፣ መታወቂያዋን ይዛ ለተከራዩ ሁለት ቃል መናገር አያቅታትም፤ ሕጋዊ ማስረጃ ባይሆንም ብዙ ማታለልን ከበር ይመልሳል።

አሁን ብዙ ተከራይ፣ ብዙ አከራይም ጭምር ወደማያውቀው ነጥብ ልለፍ። ካርታው በባል ስም ነው፤ ባልየው መታወቂያውን አሳይቶ፣ ካርታውን ዘርግቶ፣ ውሉን ፈርሟል። ሁሉም የተሟላ ይመስላል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤት ደግሞ ካርታው በአንዳቸው ስም ቢሆንም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስምምነቷ ያልተጠየቀ ሚስት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የምትችለው ካወቀች በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ያም ሆነ ይህ ግን ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ካለፈ አይቻልም። ሁለት ዓመት! አዲሱ አዋጅ ለተከራዩ ዝቅተኛ አድርጎ የሰጠው ዘመን ሙሉ በሙሉ፣ የሚስት ወይም የባል ፊርማ በጎደለበት ውል ሊናወጥ በሚችልበት ዘመን ውስጥ ያርፋል።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት ብቻ አይደለም። ባልና ሚስት በፍቺ ሲካሰሱ መጀመሪያ የሚነሣው የቤቱና የኪራዩ ጉዳይ ነው። ኪራዩን ለማን ልክፈል የሚለው ጥያቄ ያኔ ተከራዩ ራስ ላይ ይወድቃል፤ ለአንዱ ሲከፍል ሌላው ይቆጣል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሚስትን ከማታውቀው ውል ለመጠበቅ ያስቀመጡት ድንጋጌ ተገቢ ነው፤ ሊነካም አይገባም። የሚያስፈልገው ሁለተኛው ፊርማ ከመጀመሪያው ቀን ውሉ ላይ መኖሩ ነው። አከራዩ ያላገባ ከሆነ የጋብቻ ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃ ለቤት ሽያጭ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ለኪራይ ቢያንስ በውሉ ውስጥ በራሱ ቃል እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይቻላል።

ከሞት በኋላም እንዲሁ ነው። አባት ሞተው ካርታው ገና በእሳቸው ስም ያለ ቤት በየሰፈሩ አለ። ከልጆቹ አንዱ ግቢው ውስጥ ይኖራል፣ ሰርቪስ ቤቱን እሱ ያከራያል። ሌሎቹ ዝም ብለዋል፤ ዝምታቸው ግን ውክልና አይደለም። ወራሽነቱ በፍርድ ቤት ተረጋግጦ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርማሉ ወይም አንዱን ይወክላሉ። ካልተረጋገጠ ተከራዩ የገባው ወንድማማቾቹ ገና ወዳልጨረሱት ክርክር ነው።

ቀበሌ ቤትን በደባልነት ወይም በሙሉ የሚያከራይ ሰው የራሱ ያልሆነውን ነው የሚያከራየው፤ እዚያ ውስጥ ለሦስተኛ ሰው የሚተርፍ መብት መፈለግ ከንቱ ነው። ጨረቃ ቤት ግን ሌላ ነው። ካርታ የለውም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ሰው ደክሞ የሠራው፣ ልጅ ያሳደገበት ቤት ነው። ከተማውም በተለያየ ጊዜ የአየር ፎቶን መነሻ አድርጎ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ሲያስተናግድ ኖሯል። እዚያ የሚከራይ ሰው ማወቅ ያለበት አከራዩ ሊሰጠው የማይችለውን ዋስትና ነው፦ ቤቱ የሚፈርስ ከሆነ ማስጠንቀቂያውም ካሳውም የሚሰላው ከባለይዞታው አንጻር ነው። በኮሪደር ልማት ሥራ ፒያሳና ሌሎች ሰፈሮች ሲነሡ በግል ቤት ተከራይተው የኖሩ ሰዎች ጓዛቸውን ይዘው ወዴት እንደሄዱ ስንቶቻችን ጠየቅን?

በባንክ የተያዘ ቤት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ እዚህ ሁሉም ሰነድ እውነተኛ ነውና። ካርታው የአከራዩ ነው፣ ሚስትም ፈርማለች፣ ውሉ ወረዳ ተመዝግቧል። አከራዩ ግን ቤቱን አስይዞ ተበድሯል፤ ብድሩን መክፈል አቅቶታል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው፣ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ተበዳሪውን እንጂ ተከራዩን አይደለም። ከዚያ ሐራጁ በጋዜጣ ይወጣል፦ የተበዳሪ ስም፣ የንብረት አስያዥ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ ስፋት፣ የጨረታ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ተከራዩ ለዓመታት የኖረበትን ቤት ባለቤት ሙሉ ስምና የካርታ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እዚህ ዓምድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ጋዜጣውን ያየ ሰው ካሳየው። ለገዢ ይህን ሁሉ መረጃ በአደባባይ መስጠት ከተቻለ ለተከራይ ግማሹን መስጠት የሚያቅትበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ወረዳው ምዝገባ ልመለስ። አዋጁ ውል በተደረገ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። በከተማችን ታሪክ አከራይና ተከራይ ከነውላቸው በመንግሥት ሠራተኛ ፊት እንዲቀርቡ በዚህ ስፋት ሲጠየቁ አላስታውስም። ይህ አጋጣሚ የኪራዩን መጠን መዝግቦ ማኅተም ለማሳረፍ ብቻ ከዋለ ባክኗል ማለት ነው። መዝጋቢው ዳኛ አይደለም፤ ባለቤትነትን አይወስንም። ማኅተሙንም "መንግሥት ባለቤትነቱን አረጋገጠልኝ" ብሎ የሚያነብ ተከራይ ይሳሳታል። መዝጋቢው ማድረግ የሚችለው ግን አለ፦ አከራዩ በምን መብት እንደሚያከራይ ውሉ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ። በካርታ? በውክልና? በወራሽነት? በኮንዶሚኒየም ርክክብ ሰነድ? በሰነድ አልባ ይዞታ? የሰነዱ ቁጥር ስንት ነው፣ ማን ሰጠው፣ መቼ? የትዳር ጓደኛ ፊርማስ?

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ አቃልዬው ማለፍ አልፈልግም። ብዙ አከራይ ከምዝገባው የሚሸሸው የኪራይ ገቢ ግብርን ፈርቶ ነው። በዚያ ላይ የሰነድ ጥያቄ ሲጨመር ሽሽቱ ይብሳል፤ ካርታ ያላመጣ አይመዘገብም ከተባለ ደግሞ ጨረቃ ቤትና በውስጥ ውል የተገዛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው ተከራይ፣ ጥበቃው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው፣ ከአዋጁ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ሰነድን የመመዝገቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ስህተት ነው። ሁሉም ይመዝገብ፤ መብቱ ደካማ ከሆነ ደካማ መሆኑ ይጻፍ። ተከራዩ በሰነድ አልባ ይዞታ ላይ እየተዋዋለ መሆኑን አውቆ ከፈረመ የራሱ ውሳኔ ነው፤ ሳያውቅ ሲፈርም ግን ሌላው ወስኖለታል።

የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታን በሥርዓት አረጋግጦ በካዳስተር መመዝገብን ካቋቋመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የተመዘገበ ይዞታ ባለበት አካባቢ አንድ ቀላል አገልግሎት መስጠት ይቻላል። ተከራዩ የቤት ቁጥርና አከራይ ነኝ ያለውን ሰው ስም ይዞ ይቀርባል፤ መልሱ "ይገናኛል" ወይም "አይገናኝም" ብቻ ነው። የባለይዞታው ምስጢር አይወጣም፤ ስልኩም አድራሻውም አይነገርም፤ የተጠየቀው ስም ትክክል መሆን አለመሆኑ ብቻ ይታወቃል። በአነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ የሚሠራ ነገር ነው።

ባንኮችን በተመለከተም ከዚህ የቀለለ እርምጃ አለ። ወረዳው የትኛው ቤት ውስጥ የተመዘገበ ተከራይ እንዳለ አሁን ያውቃል። ባንኩ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ ግልባጩን ለቤቱ ወረዳ እንዲልክ፣ ወረዳውም ለተመዘገበው ተከራይ እንዲያደርስ በመመሪያ መደንገግ ይቻላል። ለባንኩ የአንድ ደብዳቤ ግልባጭ ነው። ተከራዩ ግን ቤቱ ሳይሸጥ በፊት ለባንኩ "እዚህ የተመዘገበ ውል አለኝ" ብሎ የሚጽፍበት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳይቀይር የሚያድርበትን የሚያስብበት አንድ ወር ያገኛል።